ለቱርቦ ሞተር ባለ ሪተርን የቤንዚን መስመር አዘረጋግ፦ ለድሬዳዋ ሙቀትና ለደንገጎ ዳገት

ድሬ ውስጥ ሞተር የሚቀይር ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ቱርቦው ላይ ነው። ከዚያ ትልቅ ፓምፕ ይገዛል። ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጀክተር ያፈላልጋል። ትርፉን ቤንዚን ወደ ታንኩ የሚመልሰው መስመር፣ ሪተርኑ ላይ ሲደርስ ግን "አቦ፣ ለእሱ ያገኘነው ቱቦ ይበቃዋል" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ፓምፕ የሚሰጠው ፍሰት ነው። ግፊቱን የሚወስነው ሬጉሌተሩ ነው። ሬጉሌተሩም ሥራውን የሚሠራው ከኋላው ያለው መመለሻ ሳይጨናነቅ ሲቀበለው ብቻ ነው። ስለዚህ መስመሩን ስታቅዱ ከመመለሻው ጀምሩ።

የናፍጣ መካኒክ በዚህ አይገረምም። ኖዝልና ሪተርን ሲያይ ነው የኖረው። ችግሩ ያለው ካርቡሬተር ላይ ያደግነው ዘንድ ነው። የካርቡሬተር ፓምፕ የሚገፋው ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ቢሆን ነው። ኢንጀክተር የሚፈልገው ወደ 3 ባር ነው፣ አሥር እጥፍ። ለአሮጌው መስመር የበቃ ቱቦና ማሰሪያ ለዚህ አይበቃም።

ምሳሌ የማደርገው ካርቡሬተር የነበረው አሮጌ ሃይሉክስ ላይ የተገጠመ 1ጄዜድ ጂቲኢ ነው። ቶዮታ በፈረንጅ ከ1990 ጀምሮ ማርክ 2፣ ቼዘርና ሶረር ላይ የገጠመው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር ሞተር ነው። ከፋብሪካ 280 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ይወጣል። እኛ 300 የፈረስ ጉልበትና ቢበዛ 1 ባር የቱርቦ ግፊት እናስብ። የእናንተ ሞተር ሌላ ከሆነ ቁጥሩን ቀይሩ፣ አሠራሩ ያው ነው። የሐረር ወዳጆች "በፔጆ 404 ላይስ ይሆናል?" ብለው ይጠይቁኛል። ብረት ከተቆረጠና ከተበየደ የማይገጠም ነገር የለም። ግን በቅድሚያ ፍሬኑን ቀይሩ፣ ከዚያ እናወራለን።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ይሰፍራል። ሞተሩን ከማውረዳችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ምን እንደሚጠየቅ እወቁ። የሞተሩን የግዢ ሰነድም አትጣሉ።

ለምን ሪተርን?

ፓምፑ ቤንዚኑን ከሳልባትዮ፣ ማለትም ከቤንዚን ታንኩ፣ ይገፋል። በፊልትሮ አልፎ ኢንጀክተሮቹ የተሰኩበት ሬል ላይ ይደርሳል። ኢንጀክተሮቹ የሚፈልጉትን ይወስዳሉ። የተረፈው በሬሉ ሌላኛው ጫፍ ባለው ሬጉሌተር አልፎ ወደ ሳልባትዮ ይመለሳል። ከሬጉሌተሩ ራስ ላይ አንድ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ኢንቴክ ማኒፎልዱ ላይ ይሰካል። ቱርቦው 1 ባር ሲነፋ ሬጉሌተሩም የሬሉን ግፊት በ1 ባር ያሳድጋል። 3 የነበረው 4 ይሆናል።

ይህች ቀጭን ቱቦ ባትኖርስ? ኢንጀክተሩ የሚረጨው ቱርቦ እየነፋበት ባለ ኢንቴክ ውስጥ ነው። ሬሉ 3 ባር ላይ ቢቆም፣ ከዚያ ውስጥ 1 ባሩ ቱርቦውን ለመቋቋም ይሄዳል። ለመርጨት የሚቀረው 2 ባር ነው። የሚረጨው ቤንዚን በ18 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ያውም ሞተሩ ከምንጊዜውም በላይ በሚጠማበት ሰዓት። ፒስተን የሚቀልጠው እንዲህ ነው። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ያለ ሪተርን ይሠራሉ፤ ኮምፒውተራቸው ጉድለቱን አስልቶ ያካክሳል። የ1990ዎቹ የቶዮታ ኮምፒውተር ግን ሬጉሌተሩ ሥራውን እንደሚሠራ አምኖ ነው የሚሄደው።

ሒሳቡ

ቱርቦ ያለው ሞተር በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.27 ኪሎ ግራም ያህል ቤንዚን ይፈልጋል። ለ300 ሲባዛ 81 ኪሎ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 0.74 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በሰዓት ወደ 110 ሊትር ይሆናል። ሩብ ያህል መጠባበቂያ ጨምሩበት። 140 ሊትር በሉት።

ይህ 140 ሊትር በ4 ባር ግፊት የሚደርስ መሆን አለበት። ፓምፕ ሲሸጥ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የ3 ባር ነው። ግፊቱ ሲጨምር ፍሰቱ ይወርዳል። ቮልቴጁ ሲያንስም ይወርዳል። ገበያ ላይ "255" (በሰዓት 255 ሊትር) የሚባለው ፓምፕ ዋናው ከሆነ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። አስመሳዩ ስለበዛ ግን ካርቶኑን አትመኑት፤ ወደ ታች ስንወርድ በጀሪካን እንለካዋለን።

ኢንጀክተሩን እንመልከት። 110 ሊትር ለስድስት ሲካፈል በደቂቃ ወደ 306 ሲሲ ነው። ኢንጀክተር መቶ በመቶ ተከፍቶ መሥራት የለበትም፣ 80 በመቶ ላይ ገድቡት። 380 ሲሲ ይመጣል። የ1ጄዜድ የራሱ ኢንጀክተሮች እዚሁ አካባቢ ናቸው። ንጹሕ ከሆኑና ከተፈተሹ አዲስ አትግዙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ በሰዓት ቢጠጣ 1 ወይም 2 ሊትር ነው። ፓምፑ ግን 250 ሊትር ገደማ መግፋቱን አያቆምም። ስለዚህ ወደ 250 የሚጠጋው ሊትር በሪተርኑ ይመለሳል። ሪተርን በጣም የሚጨናነቀው መኪናው ቆሞ ሲንተከተክ ነው ማለት ነው። "ትርፍ ብቻ ነው የሚመለሰው፣ ቀጭን ቱቦ ይበቃዋል" የሚለው ሐሳብ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ከሚያስፈልገው በእጥፍ የሚበልጥ ፓምፕ መግዛትም ይህንኑ ጭነት በእጥፍ ማሳደግ ነው።

ሳልባትዮው

ፓምፑ ሳልባትዮው ውስጥ ቢሆን ይሻላል። ቤንዚኑ ራሱ ያቀዘቅዘዋል። በተጨማሪም የኢንጀክተር ፓምፕ መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንለትም። በድሬ ሙቀት ከውጭ ተቀምጦ እንዲስብ ብታስገድዱት በመሳቢያው መስመር ላይ ቤንዚኑ ይተናል፣ ፓምፑም እንፋሎት ይዞ ይጮኻል።

የካርቡሬተር ሳልባትዮ ለዚህ አልተሠራም። ላዩ መከፈትና ፓምፕ የሚይዝ ፍላንጅ መግጠም አለበት። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። ባዶ ሳልባትዮ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው። የሚፈነዳው ቤንዚኑ ሳይሆን ከአየር ጋር የተደባለቀው እንፋሎት ነው። ታጥቦ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት እንኳ በስፌቱ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደገና ይተናል። ስለዚህ አውርዱት፣ አድርቁት፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት። ከዚያ የሚሠራበት ቦታ ብቻ እስኪቀር ድረስ ውኃ ሙሉት። መቁረጥም መበየድም ከዚያ በኋላ ነው። በያጁ "ባዶ ነው እኮ፣ ምን ይሆናል?" ካላችሁ ሌላ በያጅ ፈልጉ።

እኔ ከብየዳ ይልቅ በቡሎን የሚታሰር ፍላንጅ እመርጣለሁ። ውኃ በሞላው ሳልባትዮ ላይ ቀዳዳው በእጅ መቁረጫ ይከፈታል። ቶርኖ ቤት ክብ ፍላንጅና ለውስጥ በኩል የቡሎን ቀለበት ይሠራላችኋል። መሃሉ ላይ ቤንዚን የሚችል የጎማ ጓርኒሲዮን ይገባል። ተራ ሲሊኮን አትቀቡ፤ ቤንዚን ያለሰልሰውና ተቆርሶ ፓምፑ ማጣሪያ ላይ ይለጠፋል። ለኤሌክትሪክ ሽቦውም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የታሸገ ማሳለፊያ ግጠሙ። ቀዳዳ በስቶ በማጣበቂያ መድፈን አይሆንም።

ፓምፑ ዙሪያ ከታች ቀዳዳ ያለው ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን አድርጉ። ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ጠመዝማዛ ስትወጡ ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ሳጥኑ ፓምፑ ዙሪያ ጥቂት ይዞ ይቆያል። ሪተርኑም እዚሁ ሳጥን ውስጥ፣ ወደ ታች ወርዶ፣ ከቤንዚኑ ወለል በታች ይፍሰስ። ከላይ ከተንጠባጠበ አረፋ ይሠራል። አፉ ግን ፊት ለፊት ወደ ፓምፑ መሳቢያ አይዙር። ሳልባትዮው ውስጥ የሚጠልቀው ቱቦ ደግሞ ላዩ ላይ የታተመው ጽሑፍ 30አር10 (30R10) የሚል መሆን አለበት። ሌላው ከውጭ በኩል ቤንዚን ሲነካው ያብጣል።

የአየር መተንፈሻውን አትርሱ። ብዙ አሮጌ ሳልባትዮ ላይ በአቧራ ተደፍኗል። ፓምፑ ሲስብ አየር ካልገባ ግፊቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ክዳኑን ስትከፍቱ "ፉፍ" ካለ ምክንያቱ እሱ ነው።

ሳልባትዮውን መክፈት ካልፈለጋችሁ ሌላ መንገድ አለ። አነስተኛ ፓምፕ ቤንዚኑን ወደ ትንሽ ተጨማሪ ታንክ ይሞላል። ዋናው ፓምፕ ከዚያ ይወስዳል። ትርፉ ወደ ሳልባትዮ ይፈስሳል። ጥሩ አሠራር ነው። ግን ያንን ትንሽ ታንክ ኮፈን ስር አታስቀምጡ። ሁለት ሊትር ቤንዚን ቱርቦ አጠገብ፣ ያውም በድሬ ሰኔ፣ ሲፈላ መዋሉ ነው። ከኋላ በኩል ይሁን።

ቧንቧና ቱቦ

መሄጃውም መመለሻውም የውስጥ ስፋታቸው 8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ቧንቧ ሲሸጥ የሚለካው በውጭ ስለሆነ ግድግዳው 1 ሚሊ የሆነ ባለ 10 ሚሊ ቧንቧ መግዛት አለባችሁ። አሮጌው መኪና ላይ ቀጭን መመለሻ ታገኙ ይሆናል። ውስጡ 6 ሚሊ ከሆነ ተዉት። ከ8 ሚሊ ጋር ሲተያይ የማሳለፊያው ስፋት ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም። ፊቲንጎቹን በውስጥ ቀዳዳቸው ለኩ። መስመሩ 8 ሚሊ ሆኖ ሳልባትዮው ላይ ያለው አፍንጫ 5 ሚሊ ከሆነ ያላችሁ መስመር የ5 ሚሊ ነው።

ረጅሙ ክፍል የብረት ቧንቧ ይሁን፣ ወይም ለፍሬን መስመር የሚሸጠው የመዳብና የኒኬል ቅይጥ። ንጹሕ መዳብ አትጠቀሙ፤ ለማጠፍ ቀላል ነው፣ ግን በንዝረት እየደረቀ ይሰነጠቃል። ሻንሲው በውስጥ በኩል፣ ከማርሜታውና ከቱርቦው ተቃራኒ ጎን ይሂድ። በየ30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ጎማ ባለው መያዣ ይታሰር። ሻንሲ ቀዳዳ ውስጥ ካለፈ የጎማ መከላከያ ይግባበት።

ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ ሻንሲ አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው አጭር ክፍል ጎማ ነው። ጎማው ላይ የታተመውን አንብቡ። 30አር7 ለካርቡሬተር ነው፤ የሥራ ግፊቱ ወደ 3.4 ባር ብቻ ነው። እኛ 4 ባር እንደርሳለን። የምትፈልጉት 30አር9 የሚለውን ነው፤ እስከ 7 ባር ገደማ ይሠራል። ጽሑፍ የሌለው ጎማ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምልበት፣ አትግዙ። የቧንቧው ጫፍ ለስላሳ ሆኖ አይቅር። ዙሪያውን ከፍ ያለ ቀለበት ይሠራበት፣ ጎማው እንዳያመልጥ። ጎማው ቢያንስ 25 ሚሊ ይግባ። ማሰሪያው ለኢንጀክሽን የሚሠራው፣ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈውና ጥርሱ ጎማውን የማይበላው ይሁን። ለራዲያተር የሚሆነው ቀዳዳ ቀዳዳው ማሰሪያ ጎማውን ይቆርጠዋል።

ሬሉ ላይ ያለው ባለ ቀዳዳ ቡሎን በሁለት ሮንዴላ ነው የሚያሽገው። በከፈታችሁ ቁጥር ሮንዴላውን ቀይሩ። የአንዲት ሮንዴላ ዋጋ ይዛችሁ አትከራከሩ።

ፊልትሮ

ከፓምፑ በፊት ወፈር ያለው ማጣሪያ፣ ከፓምፑ በኋላ ደቃቁ። ደቃቁን ከፓምፑ በፊት ማድረግ ፓምፑን ማነቅ ነው። ለካርቡሬተር የሚሆነው የፕላስቲክ ፊልትሮ ከፓምፑ በኋላ አይገባም፣ ይፈነዳል። ቤንዚን ሲጠፋ ከጀሪካን የምትቀዱ ከሆነ ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩት። ጀሪካኑ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ሬጉሌተር

የ1ጄዜድ የራሱ ሬጉሌተር ለራሱ ፓምፕ የተሠራ ነው። 255 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ሲመጣበት ማሳለፍ ሊያቅተውና ሚኒሞ ላይ ግፊቱ ሊያሻቅብ ይችላል። የሚስተካከል፣ የግፊት መለኪያ መሰኪያ ያለው ሬጉሌተር ግዙ። መጀመሪያ ሬል፣ ቀጥሎ ሬጉሌተር፣ ከዚያ ሪተርን። ቦታው ሬሉ አጠገብ፣ ከቱርቦው ራቅ ብሎ፣ የመኪናው አካል ላይ ይሁን።

ቀጭኗ ቱቦ ከስሮትሉ (ጋዝ ሲረገጥ አየር ከሚከፍተው ክዳን) በኋላ ካለው ማኒፎልድ፣ ከራሷ ቀዳዳ ትውሰድ። ከሌላ ነገር ጋር አታጋሯት። ቱርቦው አፍ ላይ የሰካችኋት እንደሆነ ደግሞ የማኒፎልዱን ቫኩም አታይም። በሁለቱም ጫፍ እሰሯት፤ ቱርቦ ሲነፋ ብትወልቅ ውጤቱ ያው ከላይ ያልነው የ18 በመቶ ጉድለት ነው። አንዳንዴ ነቅላችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ከሸተተ ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ተቀዷል። ሬጉሌተሩ ይቀየር።

ኤሌክትሪኩ

ፓምፑ ለራሱ ሪሌይና ፊውዝ ይኑረው። 30 አምፔር ሪሌይ፣ 20 አምፔር ፊውዝ፣ 4 ካሬ ሚሊ ሽቦ፣ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ። ኔጋቲቩ ዝገትና ቀለም በተፋቀለት ብረት ላይ በቡሎን ይታሰር። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ለኩ፣ ከዚያ ፓምፑ ላይ ለኩ። ልዩነቱ ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም። ብዙ ጊዜ "ፓምፑ ደክሟል" የሚባለው ቀጭን ሽቦ ነው።

ሪሌዩን ኮምፒውተሩ ያዝዘው። ኮንታክት ሲከፈት ለአጭር ጊዜ ይሥራ፣ ሞተሩ ካልተነሳ ይቁም። ቀጥታ ከቁልፍ የሚሠራ ፓምፕ፣ መኪናው ቢጋጭና ቱቦ ቢበጠስ፣ ሞተሩ ጠፍቶም ቤንዚን መርጨቱን አያቆምም።

ሞተሩ ሳይነሳ የሚደረገው ፍተሻ

ይህን በጠዋት ሥሩት፣ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱም አለ፣ በርጫውም አለ፣ የሰውም ልብ እዚያ አይደለም። መኪናው ውጭ፣ ጥላ ስር ይቁም። የእሳት ማጥፊያ እጃችሁ አጠገብ ይሁን። ጋራዡ በር ላይ ቡና የምታፈላዋ እህት ካለች ከሰሉን ራቅ እንድታደርግ በትሕትና ለምኗት። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ተስቦ ምድጃው ድረስ ይሄዳል።

መጀመሪያ ሪተርኑን ሳልባትዮው ጋ ንቀሉና በረጅም ጎማ ጀሪካን ውስጥ አስገቡ። ባትሪው ላይ ቻርጀር አድርጉ፣ ከቤንዚኑ ግን ይራቅ። በቶዮታ መፈተሻ ሶኬት ላይ "+ቢ" እና "ኤፍፒ" የሚሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ ስታገናኙ ሞተሩ ሳይነሳ ፓምፑ ይሠራል። የመጀመሪያው ሊትር ብናኝና ቅባት ይዞ ይወጣል። ወደ ሳልባትዮው አትመልሱት።

ቀጥሎ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ ነጭ ጨርቅ ዳብሱ። ዓይን የማያየውን ጨርቅ ያሳያል።

ከዚያ መነሻ ግፊቱ። ቀጭኗን ቱቦ ከሬጉሌተሩ ንቀሉ። የሬጉሌተሩን ማስተካከያ ብሎን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ አላልታችሁ መለኪያውን ተመልከቱ። ግፊቱ ከ3 ባር በደንብ መውረድ አለበት። ብሎኑ ላልቶ አሁንም 3.5 ባር የሚል ከሆነ የሚገፋው ሬጉሌተሩ ሳይሆን የታነቀ መመለሻ ነው። እንዴት ትለያላችሁ? ከሬጉሌተሩ መውጫ በቀጥታ አጭርና ሰፊ ጎማ ወደ ጀሪካን አድርጉ። ግፊቱ ዘጭ ካለ ጥፋቱ የረጅሙ ሪተርን ነው። ካልወረደ ሬጉሌተሩ ራሱ ለፓምፑ አንሷል። ይህን ሳታጣሩ ቤንዚን በዛ ብላችሁ ኮምፒውተር ማስተካከል ብትጀምሩ መጨረሻ የለውም።

ግፊቱ ከወረደ ብሎኑን አጥብቃችሁ 3 ባር ላይ አቁሙት፣ ዳዶውንም ቆልፉ።

አሁን የምወደው ፍተሻ። መለኪያ ያለው የብስክሌት ፓምፕ አምጡና በሬጉሌተሩ ቀጭን አፍ ላይ ስኩት። ቀስ ብላችሁ እስከ 1 ባር ንፉ። ቱርቦ ሆናችሁ ማለት ነው። የሬሉ መለኪያ ከ3 ተነስቶ 4 ላይ መድረስና እዚያው መቆየት አለበት። ከጎሚስታ ኮምፕሬሰር ቀጥታ አትንፉ፣ ስስ ጎማውን ይበጥሰዋል። 1 ባሩ እንደተያዘ ጀሪካኑ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ የሚፈሰውን ለኩ። የምንፈልገው በሰዓት 140 ሊትር ነበር፤ በደቂቃ 2.3 ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ፓምፑ፣ ሽቦውና ፊልትሮው ሁሉም ደህና ናቸው። ካነሰ መጀመሪያ ቮልቴጁን፣ ቀጥሎ ፊልትሮውን፣ በመጨረሻ የፓምፑን እውነተኛነት ጠርጥሩ።

ፓምፑን አጥፍታችሁ መለኪያውን እዩት። ግፊቱ ለደቂቃዎች መቆየት አለበት። ወዲያው ዜሮ ከገባ ወይ ቤንዚን ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው የፓምፑ ቫልቭ አይዝም፣ ወይ ሬጉሌተሩ ያሳልፋል፣ ወይ ኢንጀክተር ያንጠባጥባል። ሦስተኛው ከሆነ ሞተሩን አታስነሱ፤ ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚን ሊሞላ ይችላል።

ሪተርኑን መልሳችሁ ከገጠማችሁ በኋላ ሞተሩን አስነሱ። ቀጭኗ ቱቦ ተሰክታ ሚኒሞ ላይ መለኪያው ወደ 2.5 ባር ይወርዳል። የውጭ አገር መመሪያ 2.3 ወይም 2.4 ሊላችሁ ይችላል። አትደንግጡ፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ያንሳል፣ የሚገኘውም ቫኩም በዚያው ልክ ያንሳል። ሐረር ላይ ደግሞ ከዚህም ትንሽ ከፍ ብሎ ታነቡታላችሁ።

ሙቀቱ

ሳልባትዮው 50 ሊትር ቢይዝ፣ በሰዓት 250 ሊትር ሲመላለስ ሙሉው ቤንዚን በሰዓት አምስት ጊዜ ሞተሩ ጋ ደርሶ ይመለሳል። ሩብ ብቻ ከቀረው ሃያ ጊዜ ነው። በየዙሩ ከሞተሩ ሙቀት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ እዚህ አገር ከሩብ በታች እየነዱ መዋል ቤንዚኑን መቀቀል ነው። ከፍታ ደግሞ ያባብሰዋል። አየሩ በሳሳ ቁጥር ቤንዚን በቀላሉ ይተናል። ከድሬ በሞቀ ሳልባትዮ ተነስቶ ደንገጎን ወጥቶ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ መኪና ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። ዳገቱ አናት ላይ ፓምፑ ድምፁን ለውጦ ማፏጨት ከጀመረና መለኪያው ከተንቀጠቀጠ እንፋሎት ይዟል። ጋዙን ልቀቁ፣ ጥላ ፈልጉ፣ ይብረድ።

መከላከያው ውድ አይደለም። ቱርቦውና ሬሉ መካከል የቆርቆሮ ጋሻ፣ ከሙቀት አጠገብ ለሚያልፍ ጎማ ደግሞ ሙቀት የሚመልስ ሽፋን። ሳልባትዮው ከማርሜታ ጋር ከተቀራረበ እዚያም ጋሻ ይግባ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አሁንም ከጋለ፣ ሪተርኑ ላይ ትንሽ ማቀዝቀዣ ራዲያተር ማስገባት ይቻላል፤ ቀዳዳዎቹ ግን 8 ሚሊ ይሁኑ፣ አለበለዚያ የሸሸነውን መታነቅ በእጃችን መመለስ ነው።

መንገድ ላይ

የግፊት መለኪያውን ዳሽቦርድ ላይ ማየት ከፈለጋችሁ በሽቦ የሚሠራውን ግጠሙ። ቤንዚን የያዘ ቱቦ ተሳፋሪ ወዳለበት አይገባም። የጭስ ማውጫው ላይም የአየርና ቤንዚን መጠን የሚያሳይ ሰፊ መለኪያ ይኑር። ያለ እሱ ቱርቦ ሞተር ማስተካከል በጭፍን መንዳት ነው።

መጀመሪያ ሜዳው ላይ፣ በዝቅተኛ የቱርቦ ግፊት ሞክሩ። አብሯችሁ የተቀመጠ ሰው ሁለቱን መለኪያ ያንብብ፣ ሹፌሩ መንገዱን ይይ። ቱርቦው 0.5 ሲል ሬሉ 3.5 ይላል። 0.8 ሲል 3.8። ቱርቦው እየጨመረ ሬሉ 3.6 ላይ ከቆመ ፓምፑ አቅሙ እዚያ አልቋል፣ ወዲያው እግራችሁን አንሱ። ሙሉ ጋዝ ላይ የአየሩ መጠን ለአንድ ቤንዚን ከ11.5 እስከ 12 አካባቢ ይሁን። 13ን አልፎ ከሄደ ሁለተኛ አትሞክሩ፣ ተመልሳችሁ ምክንያቱን ፈልጉ። ደንገጎ የሚወጣው ይህ ሁሉ ሜዳ ላይ ከተረጋጋ በኋላ ነው።

ስትመለሱ ሞተሩ እንደጋለ አንድ ጊዜ፣ በማግስቱ ጠዋት እንደቀዘቀዘ አንድ ጊዜ፣ መገጣጠሚያዎቹን በጨርቅ ዳብሱ። ጎማ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ማሰሪያው ይላላል። ደቃቁን ፊልትሮ ደግሞ ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ ቀይሩ፤ ሳልባትዮው ሲቆረጥ የቀረው የብረት ብናኝ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።